ስልክ ማዞሪያው ርካሹን መንገድ ከየት ያውቀዋል?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ያለው የስልክ ማዞሪያ ከሦስት ኦፕሬተሮች ጋር ተገናኝቷል። የተደወለውን ቁጥር አይቶ ርካሹን መንገድ ይመርጣል ብለውናል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይሄን እንዴት ያውቃል? በእያንዳንዱ ጥሪ ዋጋ ያወዳድራል? ርካሹን የሚመርጥ ከሆነስ ሂሳቡ ለምን አንዳንድ ወር ሰማይ ይነካል?

መልስ፦ በአብዛኞቹ ማዞሪያዎች ጥሪ በገባ ቁጥር የሚደረግ የዋጋ ውድድር የለም። ውድድሩ ማንም ሳይደውል በፊት አልቆ ተቀምጧል። ጥሪው ሲመጣ ማዞሪያው የተደወለውን ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ በተዘጋጀለት ሰንጠረዥ ውስጥ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ «በዚህ መስመር ላከው፤ እሱ ካልሆነ በዚያኛው» የሚል ዝርዝር ያገኛል። በቃ። ስለ ሳንቲም የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሂሳቡ ሲያብጥ ማዞሪያውን ከመርገም በፊት ሰንጠረዡን ማን እንደሞላው፣ በምን ስሌት እንደሞላው መጠየቅ ይሻላል። በጥሪው ሰዓት ዋጋውን ከዳታቤዝ አውጥተው የሚያሰሉ ሶፍትዌሮችም አሉ። እነሱም ቢሆኑ የሚከተሉት ሕግ ያው ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ድሮ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። አልመን ስትሮውጀር በ1891 ፓተንት ያገኘበት አውቶማቲክ ማዞሪያ ያደገበት ሥርዓት እያንዳንዱን አሃዝ በቀጥታ ወደ እንቅስቃሴ ይቀይር ነበር። 4 ከደወሉ የማዞሪያው ክንድ አራት እርከን ይወጣል። ቀጣዩ አሃዝ ቀጣዩን ክንድ ያንቀሳቅሳል። የተደወለው ቁጥር ራሱ መንገዱ ነበር ማለት ነው። አሃዙ አንዴ ከተበላ አይመለስም። መስመሩ ተይዞ ከተገኘ የመያዝ ድምፅ ሰምተው ይዘጋሉ እንጂ ማዞሪያው ዞር ብሎ ሌላ በር አያንኳኳም።

ነገሩ የተቀየረው አሃዞቹን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚይዝ መሣሪያ ሲመጣ ነው። ሬጅስተር ይባላል። ሬጅስተሩ ይይዛል፣ ተርጓሚው ደግሞ የተያዘውን ወደ መንገድ ይለውጣል። ለንደን ከ1927 ጀምሮ የተጠቀመችበት ዳይሬክተር የተባለው ሥርዓት ይህንኑ ይሠራ ነበር። ደንበኛው የሚደውላቸውን የመጀመሪያ ሦስት ምልክቶች ተቀብሎ፣ ጥሪውን እዚያ ጣቢያ ወደሚያደርሱ ሌሎች አሃዞች ይቀይራቸው ነበር። እዚህ ላይ ደንበኛው የደወለው ቁጥርና ጥሪው የሚሄድበት መንገድ ተለያዩ። ይህ መለያየት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሊስት ኮስት ራውቲንግ (ርካሹን መንገድ መምረጥ) የምንለው ነገር አይታሰብም ነበር።

በአሜሪካ ደንበኞች ራሳቸው የረጅም ርቀት ጥሪ መደወል የጀመሩት በ1951 ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ከኢንግልዉድ፣ ኒው ጀርሲ ወደ አላሜዳ፣ ካሊፎርኒያ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ትላልቆቹ የረጅም ርቀት ማዞሪያዎች የመንገድ ሰንጠረዛቸውን የያዙት በብረት ካርድ ነበር፤ ቀልድ አይደለም። ካርዶቹ የተበሱ ናቸው። አሃዞቹ ሲገቡ የሚመለከተው ካርድ ይወርዳል፣ ብርሃን በቀዳዳዎቹ ያልፋል፣ ማዞሪያው ከብርሃኑ መንገዱን ያነባል። መንገድ መቀየር ከፈለጉ ካርድ ይቀይራሉ። ዛሬ አንድ ኦፕሬተር በወር ብዙ ጊዜ የዋጋ ዝርዝር ሲልክብን የምንማረር ሰዎች ይህን ብናስታውስ ደግ ነው። ከ1965 በኋላ በፕሮግራም የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያዎች ሲገቡ ሰንጠረዡ ወደ ሜሞሪ ገባ። አሠራሩ ግን በመሠረቱ ያው ቀረ።

አሁን ሰንጠረዡ ውስጥ እንግባ። ከ0 እስከ 9 አሥር ሳጥን ያለው መደርደሪያ አለ እንበል። የመጀመሪያው አሃዝ ሳጥኑን ይመርጣል። ሳጥኑ ውስጥ ወይ «ወደዚህኛው መደርደሪያ ሂድና ቀጣዩን አሃዝ እይ» የሚል ትእዛዝ አለ፣ ወይ መልስ አለ። አንዳንዱ ሳጥን ሁለቱንም ይይዛል። «ለጊዜው መልሱ ይሄ ነው፤ ቀጥለህ የተሻለ ካገኘህ ግን እሱን ውሰድ» እንደማለት። ለምሳሌ ቁጥሩ በ4420 ይጀምር። 4 ላይ ገና መልስ የለም። 44 ላይ «ብሪታንያ» የሚል ጊዜያዊ መልስ ተገኘ። 2 ላይ የተለየ ነገር የለም። 0 ላይ «ለንደን» የሚል መልስ አለ። ከዚያ ወዲያ ሰንጠረዡ አይቀጥልም። ስለዚህ የመጨረሻው፣ ማለትም ረጅሙ የገጠመ መነሻ አሸነፈ። ባለሙያዎቹ ረጅሙ ፕሪፊክስ ያሸንፋል የሚሉት ይህን ነው።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። ሰንጠረዡ መቶ ሺህ ፕሪፊክስ ቢኖረውም ማዞሪያው መቶ ሺህ መስመር አያነብም። የሚራመደው በቁጥሩ አሃዞች ልክ ነው። ዓለም አቀፍ ቁጥር ደግሞ የአገር መለያውን ጨምሮ ከ15 አሃዝ አይበልጥም። የአገር መለያዎቹም ሲታደሉ አንዱ የሌላው መነሻ እንዳይሆን ተደርገው ነው። 44 ለአንድ አገር ከተሰጠ 441 የሚባል የሌላ አገር መለያ አይኖርም። ይህ ባይሆን ኖሮ ማዞሪያው የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም ነበር።

መልሱ ውስጥ ያለው መስመሩ ብቻ አይደለም። በኤሪክሰኑ ኤኤክስኢ ማዞሪያ ላይ የሠራ ሰው ቢ-ናምበር አናሊሲስ (የተደወለውን ቁጥር መተንተን) ሲባል ወዲያው ራውቲንግ ኬዝ፣ ቻርጂንግ ኬዝ፣ የቁጥሩ ርዝመትና የአሃዝ ማሻሻያ ትዝ ይሉታል። በሌሎቹም ስሙ ይለያይ እንጂ እነዚሁ አሉ። ራውቲንግ ኬዙ በተራ የተቀመጡ መስመሮችን ዝርዝር ይጠቁማል። ቻርጂንግ ኬዙ ደዋዩ እንዴት እንደሚከፍል ይናገራል። ማሻሻያው ጥሪው ከመላኩ በፊት የትኞቹ አሃዞች እንደሚቆረጡና ምን እንደሚጨመር ይወስናል። አንዱ ኦፕሬተር ቁጥሩን በ00 ጀምረው እንዲልኩለት ይፈልጋል። ሌላው ያለ 00 ይፈልጋል። ሦስተኛው የራሱን መለያ አሃዞች ፊት ላይ እንዲጨምሩ ያስገድዳል። የአሃዝ ማሻሻያ ስህተት በጣም ተራ ስህተት ነው። ርካሹ መስመር ጥሪዎችን ሁሉ ይመልሳል፣ ጥሪው ዝም ብሎ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ማንም ሳያውቅ ወር ያልፋል።

ርዝመቱስ ለምን ያስፈልጋል? ማዞሪያው ደዋዩ መጨረሱን ማወቅ አለበት። ርዝመቱ ቋሚ በሆነ አገር የመጨረሻው አሃዝ እንደገባ ይልካል። ጀርመንን በመሳሰሉ ቁጥሮቹ አጭርም ረጅምም በሆኑበት አገር ግን ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፤ ሌላ አሃዝ ካልመጣ ተጨርሷል ብሎ ይልካል። ወደ አንዳንድ አገር ሲደውሉ ቶሎ የማይጠራው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ከሞባይል ሲደውሉ ቁጥሩ ሙሉውን ስለሚላክ ይህ ጣጣ የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቁጥሩ አንድ ዓይነት መልክ መያዝ አለበት። አንዱ በ00 ይደውላል፣ ሌላው በመደመር ምልክት፣ ሌላው የአገር ውስጡን 0 አስቀድሞ። ትንተናው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በአገር መለያው ወደሚጀምር ቅርፅ መምጣት አለባቸው። የአገር ውስጡን 0 መቁረጥ ብዙ ቦታ ይሠራል። ጣሊያን ላይ ግን አይሠራም። የጣሊያን መደበኛ ስልክ 0ውን ከውጭ ሲደወልም ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሮም ቁጥር በ3906 ይጀምራል። 0 ሁሉ ይቆረጥ ብሎ ደንብ የጻፈ ሰው ሮምን ከካርታው አጥፍቷታል።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋውን በአገር ስም ሲያወዳድር ነው። ማዞሪያው ስም አያይም፤ አሃዝ ነው የሚያየው። ስምና አሃዝ ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥሙም። 7 ሩሲያ ነው፤ ቀጣዩ አሃዝ 6 ወይም 7 ከሆነ ግን ካዛክስታን ነው። 1 አሜሪካ ነው፣ ካናዳም ነው፤ 1876 ደግሞ ጃማይካ ነው። 447 የብሪታንያ ሞባይል ይመስላል፤ 447797 ግን ጀርዚ ደሴት፣ 447781 ገርንዚ፣ 447624 የማን ደሴት ነው። እነዚህ ደሴቶች የራሳቸው ኦፕሬተር ስላላቸው ዋጋቸው ከብሪታንያ ሞባይል ብዙ ጊዜ በእጅጉ ይበልጣል።

ይህን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። ኦፕሬተር ሀ ለ44 በደቂቃ 1 ሳንቲም፣ ለ447 3፣ ለ447797 ደግሞ 25 ሳንቲም ይጠይቃል። ኦፕሬተር ለ ለ44 0.8፣ ለ447 2 ሳንቲም ብሎ ይጨርሳል። ኦፕሬተር መ ዝርዝር አያውቅም፤ ለ44 ሁሉ 4 ሳንቲም ይላል። አሁን ጥሪ ወደ 447797 መጣ። ሦስቱን ዝርዝር አንድ ላይ ቀላቅሎ ረጅሙን ፕሪፊክስ የሚፈልግ ፕሮግራም 447797ን ያገኛል። እሱ ያለው ሀ ዘንድ ብቻ ነው። ጥሪው በ25 ሳንቲም ሄደ። ትክክለኛው አካሄድ ሌላ ነው። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ኦፕሬተር ዝርዝር ውስጥ ለብቻ ረጅሙ ፕሪፊክስ ይፈለጋል። ሀ 25፣ ለ 2፣ መ 4 ይሆናሉ። ከዚያ ነው ዋጋ የሚወዳደረው። ኦፕሬተር ለ ያሸንፋል። ረጅሙ ፕሪፊክስ ያሸንፋል የሚለው ሕግ በአንድ ኦፕሬተር ዝርዝር ውስጥ እንጂ በኦፕሬተሮች መካከል አይሠራም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ። በቀጣዩ ወር ኦፕሬተር ለ ነቃ። አዲስ ዝርዝር ላከና 447797 ላይ 30 ሳንቲም ጻፈ። የእርስዎ ሰንጠረዥ ግን «የብሪታንያ ሞባይል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ 447 ላይ ይቆማል። 447 ላይ ኦፕሬተር ለ አሁንም ርካሽ ስለሆነ ምንም አልተነካም። ወደ ጀርዚ የሚደረገው ጥሪ ሁሉ በ30 ሳንቲም ይፈሳል፤ መ በ4 ሳንቲም ቆሞ እያየ። ሰንጠረዡ ከማንኛውም ኦፕሬተር የዋጋ ዝርዝር ያነሰ ጥልቀት ሊኖረው አይገባም። አንዱ ኦፕሬተር የሆነ መነሻን ለይቶ ዋጋ ካወጣለት ሰንጠረዡም እዚያ ድረስ መውረድ አለበት፣ ለሌሎቹም በዚያ ልክ ዋጋቸው ተፈልጎ መወዳደር አለበት። (ስለ መ 4 ሳንቲም ብዙ አይደሰቱ። እንዲህ ያለ ዋጋ ያወጣ ኦፕሬተር ወይ በቅርቡ ያስተካክለዋል፣ ወይ ጥሪውን አያሳልፍልዎትም።)

በደቂቃ የተጻፈ ዋጋም ሙሉውን አይናገርም። አንዱ የሚያስከፍለው በሙሉ ደቂቃ እየዘጋ ነው፣ ሌላው በሰኮንድ ነው። በደቂቃ 2 ሳንቲም ሆኖ በሙሉ ደቂቃ የሚዘጋውን ይውሰዱ። 61 ሰኮንድ የፈጀ ጥሪ 4 ሳንቲም ያስከፍላል። 3 ሳንቲም ሆኖ በሰኮንድ የሚያስከፍለው ግን 3.05 ብቻ ነው። 10 ሰኮንድ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 0.5 ሳንቲም ነው። ወረቀቱ ላይ ርካሽ የሆነው እጥፍ አልፎም አራት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል። ለረጅም ጥሪ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ የእርስዎ ሠራተኞች ወደዚያ አገር በአማካይ ስንት ሰኮንድ እንደሚያወሩ ሳይታወቅ ርካሹ ማን እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ሌላው ከቁጥሩ ብቻ የማይታወቅ ነገር ደዋዩ ማነው የሚለው ነው። በተለይ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ኦፕሬተሮች ከአካባቢው ውጭ የመጣን ጥሪ በተለየ፣ አንዳንዴም እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ያስከፍላሉ። የሚለዩት በደዋዩ ቁጥር ነው። ያው የተደወለ ቁጥር፣ ያው መስመር፣ ሁለት ዋጋ። ይህን የሚመለከት ማዞሪያ የተደዋዩን ብቻ ሳይሆን የደዋዩንም ቁጥር መተንተን አለበት።

ቁጥርን ሳይቀይሩ ኦፕሬተር መቀየር በሚቻልባቸው አገሮች ደግሞ ፕሪፊክሱ ራሱ መዋሸት ጀምሯል። ቁጥሩ የአንዱ ኦፕሬተር ይመስላል፣ ባለቤቱ ግን ከዓመታት በፊት ወደ ሌላው ሄዷል። ለአገር ውስጥ ጥሪ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። መፍትሔው ከትንተናው በፊት ዳታቤዝ መጠየቅ ነው። ዳታቤዙ ትክክለኛውን ኦፕሬተር የሚጠቁም ሌላ ቁጥር ይመልሳል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ጥያቄው ራሱ ገንዘብ ስለሚያስከፍል፣ ጥቂት የሚደውል ቢሮ ባይገባበት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ ሂሳቡ። ሰንጠረዡ ትክክል ነው እንበል። ርካሹ መስመር አንደኛ ምርጫ ሆኖ ተቀምጧል። ያም ሆኖ ጥሪው በሁለተኛው ሊሄድ ይችላል። ማዞሪያው አንደኛውን ሲሞክር የማይሳካበት ምክንያት በኮድ ይመለስለታል። 34 ነፃ መስመር የለም ማለት ነው፤ 38 ኔትወርኩ ተበላሽቷል። በእነዚህ ላይ ወደ ቀጣዩ መሄድ ተገቢ ነው። 17 ግን ተደዋዩ ስልኩ ተይዟል ማለት ነው፤ 1 ደግሞ ቁጥሩ ለማንም አልተሰጠም። በሲፕ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስልክ በሚግባባበት ቋንቋ፣ 486 እና 404 ይባላሉ። በእነዚህ ላይ ሌላ መስመር መሞከር ትርጉም የለውም። የተያዘ ስልክ በሦስት ኦፕሬተር ቢደወልም የተያዘ ነው። አንዳንድ ማዞሪያ ግን ሲገጠም «ምንም ካልተሳካ ቀጥል» ተብሎ ይተዋል። ውጤቱ ደዋዩ በከንቱ ይጠብቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሌለ ቁጥር ላይ «ተነሥቷል» ብሎ የሚመልስ ሐቀኛ ያልሆነ መስመር ከተገኘ ባዶ ጥሪ ይከፈልበታል።

ነፃ መስመር ማጣት ከሁሉም ተራው ምክንያት ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በአማካይ 10 ጥሪ በአንድ ጊዜ ወደ ርካሹ ኦፕሬተር ይሄዳል እንበል። 10 መስመር ይበቃል ይመስላል። አይበቃም። ስንት መስመር እንደሚበቃ በሚያሰላው በኤርላንግ ስሌት 10 መስመር ብቻ ካለ ከመቶ ጥሪ 21 ያህሉ መስመር አጥቶ ወደ ውዱ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ከመቶ 1 ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ 18 ያስፈልጋል። ግን 18 ያስገቡ አልልም። ለእያንዳንዱ መስመር የወር ክፍያ ካለ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ይቀመጣሉ፤ ትንሽ ጥሪ ወደ ውዱ ቢፈስስ ይረክሳል። የድሮዎቹ የቴሌኮም መሐንዲሶች ይህን አውቀው ነው ርካሹን መስመር ሆን ብለው ጠበብ የሚያደርጉት። የወር ክፍያ የሌለው የኢንተርኔት መስመር ከሆነ ግን ጠባብ አድርጎ መተው ሞኝነት ነው።

ጥራቱንም አይርሱ። ርካሹ መስመር ከሚቀበላቸው ጥሪዎች ስንቱ ይነሣሉ? ስንት ሰኮንድ ቆይቶ ነው የሚጠራው? በጣም የረከሰ ዋጋ አንዳንዴ ጥሪውን በሕገወጥ የሲም ሳጥን (የውጭውን ጥሪ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ አስገብቶ የአገር ውስጥ በሚያስመስል መሣሪያ) የሚያሳልፍ ሰው ምልክት ነው፤ ተደዋዩ የእርስዎን ሳይሆን የማያውቀውን የሞባይል ቁጥር ያያል፣ አያነሣም። ሁለት ኦፕሬተሮች እርስ በርሳቸው ርካሽ መስለው ሲታዩ ደግሞ ጥሪው በመካከላቸው ሲመላለስ ይቀራል። ለዚህ በሲፕ መልእክት ውስጥ የሚቀንስ ቆጣሪ አለ፤ የተለመደው መነሻው 70 ነው፣ ዜሮ ሲደርስ ጥሪው ይቆረጣል። እኔ ብሆን ዋጋን ከጥራት ቀጥሎ ነው የማስቀምጠው። ከተወሰነ ደረጃ በታች የወረደ መስመር በነፃ ቢሰጥም ከዝርዝሩ ይውጣ።

የድንገተኛ አደጋ ቁጥሮች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ከሰንጠረዡ ቀድመው መታየት አለባቸው፣ መስመር ሁሉ ቢያዝ እንኳ ሌላ ጥሪ ቆርጠው ማለፍ አለባቸው፣ ዋጋ የሚባል ነገር አይመለከታቸውም። የማዞሪያዎ ሰው ይህን እንዴት እንዳደረገው ዛሬውኑ ይጠይቁት።

ለሂሳቡ ግን ባለፈው ወር የተመዘገቡትን ጥሪዎች ያውጡ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የገጠመው ፕሪፊክስ፣ የተጠቀመበት ምርጫ ስንተኛ እንደሆነ፣ እና ኦፕሬተሩ በየትኛው ፕሪፊክስ እንዳስከፈለ። የእርስዎ ፕሪፊክስ ከኦፕሬተሩ ካጠረ ሰንጠረዡ ጥልቀት ጎድሎታል። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ የበዛው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ብቻ ከሆነ መስመር ጠቧል። ቀኑን ሙሉ ከበዛ ግን አንደኛው ምርጫ ጥሪ እየመለሰ ነው፤ የምክንያት ኮዱን ይዩ፣ ከዚያ የአሃዝ ማሻሻያውን።